ከካራ እስከ ጓንዡ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አቦሉ እስኪቀዳ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ሰሞኑን የሰፈራችን ልጆች በሬን እያንኳኩ፣ «ጋሼ፣ ቻይና ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር ይቻላል ይባላል፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጥያቄው በርትቷል። ያኔ 8 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዩዋን በጥቂት ወራት ውስጥ 15 ብርን አለፈ። በመምህር ደመወዝ የሚኖር ልጅ ይህን አይቶ ልቡ ቢሸፍት አልፈርድበትም። እኔ ግን «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብዬ አልመልስም። የአንድ ሰው ታሪክ ነው የምነግራቸው። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ እዚሁ ጎረቤቴ ናት፣ ስሙ በየመጽሔቱ እንዲወጣ አትወድም። መምህሩ እንበለው።

ሰፈራችንን ታውቁታላችሁ። ከመገናኛ የተነሳው መንገድ ላምበረትን አልፎ ኮተቤን ይሰነጥቅና በካራ በኩል ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ እያለ እያለ ወደ ደሴ ይነጉዳል። በስተግራ የእንጦጦ ሰንሰለት ከነባሕር ዛፉ ተጋድሟል። ማለዳ ብርዱ ከተራራው ቁልቁል ሲለቀቅ፣ የቅጠል ሸክም ያጎበጣቸው ሴቶች አብረውት ይወርዳሉ፤ ወያላው «ካራ! ካራ! ኮተቤ ካራ!» ይላል፤ በዚያ መሃል ደግሞ ነጭ ጋዋኑን በክንዱ ያንጠለጠለ መምህር ታክሲ ሲጋፋ ታገኙታላችሁ። ኮተቤ የመምህር አገር ናት። የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ፣ ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ ስንቱን ጠመኔ አስይዞ ወደ ስንቱ ወረዳ እንደሸኘ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ።

የመምህሩ አያት፣ የአባቱ አባት ማለቴ ነው፣ የኔታ ነበሩ። ከደብሩ አጥር ሥር፣ ከወይራው ጥላ ተቀምጠው የሰፈሩን ልጅ ሀ ሁ ሂ ያስቆጥሩ ነበር። እኔም ራሴ ፊደል የለየሁት በእሳቸው ስንደዶ ነው። የስንደዶዋ ጫፍ ከ«ሐ» ወደ «መ» ስትሻገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። ልጃቸው፣ የመምህሩ አባት፣ ገና በጎልማሳነቱ ሞተ። ሚስቱ እንጀራ እየጋገረች፣ ለየሆቴሉ እያስረከበች፣ ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ እኔ እጅ ገባ። ቃል ሲነግሩት አፉ ውስጥ አገላብጦ የሚያጣጥም ልጅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከኮተቤ በእንግሊዝኛ ዲፕሎማውን ያዘ፤ ጂኦግራፊን ማይነር አድርጎ። ይህቺን ጂኦግራፊ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን። ዲግሪውን ደግሞ እንደ አብዛኛው የአገራችን መምህር ክረምት ክረምቱን ተምሮ፣ ሌላው ሲያርፍ እሱ በዝናብ እየተመላለሰ፣ ጨረሰ።

በ2009 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ማምሻውን ስልኩን ይዞ መጣ። ማስታወቂያ ነው። ጓንዡ በምትባል የቻይና ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ይፈለጋል፣ ደመወዙ በወር 12 ሺህ ዩዋን። በጊዜው ምንዛሬ ወደ 40 ሺህ ብር ይጠጋል። ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ሥራ ስጀምር የወር ደመወዜን በአንድ እጄ ጣቶች መሃል አጥፌ ይዤ እገባ ነበር።

ቻይና ለምን ይህን ያህል መምህር እንደፈለገች ለመረዳት አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ2001 መንግሥቷ እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አዘዘ። ጋውካው የሚሉት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው ላይም እንግሊዝኛ አለ። በዚያ ፈተና የልጅ ዕጣ ይወሰናል፤ ስለዚህ ወላጅ ያለ የሌለውን ገንዘብ ለማታና ለቅዳሜ ትምህርት ያፈስ ነበር።

ማስታወቂያውን ዝቅ እያደረግን አነበብን። የመጀመሪያ ዲግሪ፤ አለው። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፤ አሥር ያህል ዓመት አለው። ቋንቋ ለማስተማር የሚያበቃ የ120 ሰዓት ሥልጠና፤ ይወስደዋል። ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፤ ዶሮ እንኳ ሰርቆ አያውቅም። ከዚያ የመጨረሻዋ መስመር መጣች፤ ፓስፖርቱ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከካናዳ፣ ከአየርላንድ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድ ወይም ከደቡብ አፍሪካ የሆነ።

ይህ የአንድ ቀጣሪ ፍላጎት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ በመላው ቻይና ሥራ ላይ የዋለው የሥራ ፈቃድ ሥርዓት የውጭ ሠራተኛን በሦስት መደብ ይከፍላል። የቋንቋ መምህር የሚያስተምረው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲሆንም ይፈልጋል። አፍ መፍቻው ደግሞ የሚታወቀው በፓስፖርቱ ሽፋን ነው።

ልጁ ስልኩን አጠፋና፣ «ጋሼ፣ እኔን እርስዎ አስተማሩኝ። እርስዎን ማን አስተማረዎት?» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

እኔን እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ከሕንድ የመጡ መምህራን በየክፍለ አገሩ ነበሩ፤ ያ ትውልድ ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ እንግሊዝኛውንም ያገኘው በአብዛኛው ከእነሱ ነው። ከ1955 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጡ። እነዚያ አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው፤ ደጎች ነበሩ፣ ወደድናቸው። ግን ልንገራችሁ፣ «ቲኤች» የተባለችውን ድምፅ ያወጣኋት በሕንዱ እጅ ነው። በአማርኛ የለችም። «አስባለሁ» ለማለት እንነሳና «አይ ሲንክ» ብለን «እሰምጣለሁ» ላይ እናርፋለን። አሜሪካዊው «እንደ እኔ በሉ» ይለናል፤ እሱ እንዴት እንደሚላት ግን ራሱም አያውቅም፤ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባት። ሕንዱ ግን ከኪሳቸው ትንሽ ክብ መስታወት አወጡ። በየተራ አፋችን ፊት ያዙልን። «ምላስህ የት አለች? ከጥርስህ ኋላ ተደብቃለች። አውጣት። ጫፏን በጥርስህ መሃል አሳየኝ። አሁን ተንፍስ።» መስታወቱ በትንፋሼ ሲደበዝዝ ድምፅዋ ወጣች። እሳቸውም አንድ ቀን እንዲሁ ፈልገው አግኝተዋት ነበርና መንገዷን ያውቁታል።

ወደ ኋላ ብትሄዱም ያው ነው። በ1901 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ መምህራኑ ሃና ሳሊብ በተባሉ ሰው የሚመሩ የግብፅ ቅብጦች ነበሩ። ከሚሰጡት ቋንቋ መሃል ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይገኙበታል። ግብፃዊ ለኢትዮጵያዊ ፈረንሳይኛ ሲያስተምር «እናትህ በምን ቋንቋ እሹሩሩ አለችህ?» ያለው የለም። የአገራችን ዘመናዊ ትምህርት የቆመው ቋንቋውን በትምህርት ባገኙ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። እኔ ይህን የምለው ከልቤ ነው፦ አንድን ወንዝ ዋኝቶ የተሻገረ ሰው፣ ማዶ ከተወለደው ይልቅ ጥልቁ የት እንደሆነ ያሳያል። ያቺን መስታወት መምህሬ አገራቸው ሲገቡ ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። እኔም በዚያች ማታ ለልጁ ሰጠሁት።

እሱ ግን ገና ተስፋ አልቆረጠም። አንድ ደላላ አገኘ። ደላላው ቢሮ ነበረው፣ ካርድ ነበረው፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ የቻይና ግንብ ሥዕል ነበረው። «ችግር የለም፤ በነጋዴ ቪዛ ትገባለህ፣ እዚያ ይቀየርልሃል» አለው። የጠየቀውን ገንዘብ ለመክፈል እናትየው የዕቁብ ዕጣዋን ልታስቀድም ነበር።

እኔ ጓንዡ የነበረ ነጋዴ ዘመድ አለኝና ጠየቅሁ። የሥራው ቪዛ «ዜድ» ይባላል። መንገዱም አንድ ነው። ቀጣሪው አስቀድሞ ከመንግሥቱ ለሠራተኛው የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ደብዳቤ ያወጣል፤ ደብዳቤው አዲስ አበባ ይመጣል፤ በእሱ ኤምባሲው ቪዛውን ይመታል፤ ሰውየው በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። በነጋዴ ወይም በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ክፍል ውስጥ የተገኘ ሰው ሕገ ወጥ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ሕጋቸው ከ5 ሺህ እስከ 20 ሺህ ዩዋን ያስቀጣል፤ ጥፋቱ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን እስራት ይጨመርበታል። ከዚያ ወደ አገር መጠረዝ ሊከተል ይችላል። ደላላው ከዚህ ሁሉ አንዷን ቃል አልተነፈሰም። «ደብዳቤውን አስቀድመህ አሳየኝ በለው» አልኩት። ሄዶ ጠየቀ። ደላላው ሌላ ደንበኛ መጣብኝ ብሎ አስወጣው። የዕቁቡ ገንዘብ እዚያው ቀረ፤ ተመስገን።

ከዚያ በኢንተርኔት አንድ አገናኝ አገኘው። በቪዲዮ የናሙና ትምህርት እንዲሰጥ ቀጠሮ ተያዘለት። ቀኑን አስታውሳለሁ፤ እናቱ ያን ቀን ጭሱ እንዳይረብሸው ብላ ምጣዱን አልጣደችም። ግድግዳው ላይ ነጭ ነጠላ ወጠርን። መብራት ይሄዳል ብለን ሻማም አዘጋጀን፤ አልቀረም፣ መሃል ላይ ሄደ። እሱ ሳይደናገጥ ሻማውን ለኮሰና ያንኑ ብርሃን ትምህርቱ አደረገው፤ «ምን ታያላችሁ? ጥላው ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?» መስታወቱን አወጣ፣ ቲኤችን አስተማረ። ከወዲያ ያለችው ሴት ልጅ፣ ተማሪ ሆና የምትመልሰው፣ ስቃ አጨበጨበች። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እያዳመጥኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ማታ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ወደዱኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ወላጆች ከየት ነህ ብለው ከጠየቁህ ደቡብ አፍሪካዊ ነኝ በል አሉኝ። የሥራ ወረቀቱን በሌላ ስም እናስተካክለዋለን አሉኝ።»

እናቱ ሊጥ ያቦካችበትን እጅ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። እንግሊዝኛውን ባትሰማም ይህቺን ሰማች። «አገርህን ካስለወጡህ እኔን ማን ብለህ ልትጠራኝ ነው?» አለችው። ሌላ አልጨመረችም፤ ወደ ሊጧ ተመለሰች። በነጋታው ጠዋት «አልችልም» ብሎ ጻፈላቸው። ብዙ ሰው ሞኝ ብሎታል። እኔ አላልኩትም።

የተረፈው ረጅሙ መንገድ ነበር፣ መማር። የቻይና መንግሥት ለአፍሪካውያን የነጻ ትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ ለማስተርስ ዕድሜ ከ35 መብለጥ የለበትም። እሱ ጥቂት ዓመት ቀርቶት ነበር። ቋንቋውን ለመጀመር ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። እዚሁ የካ ውስጥ፣ በኢትዮ ቻይና ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅነት በተጀመረው፣ ኋላ የቴክኒክና ሙያ ኢንስቲትዩት በሆነው ግቢ፣ የኮንፊሽየስ የቋንቋ ማዕከል አለ። ከክፍል ሲወጣ በቀጥታ ወደዚያ ይሮጣል።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «ማ፣ ማ፣ ማ፣ ማ» ሲል ሰዎች ዘወር ብለው አዩት። በዜማው አንዱ እናት ነው፣ አንዱ ፈረስ፣ አንዱ ስድብ። «እንዴት ትለየዋለህ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ እኛም አለን እኮ» አለኝ። «‹አለ› ስንል ላላ ካደረግናት ተናገረ ነው፤ ካጠበቅናት ይገኛል ነው። ፈረንጅ ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። ‹ገና›ም እንዲያው ነው፤ አንዱ በዓል፣ አንዱ አልደረሰም። እኛ በጥብቀት የምንለየውን እነሱ በዜማ ይለዩታል።» ያን ጊዜ ነው ይህ ልጅ ይሄዳል ብዬ የቆረጥኩት።

ቀጥሎ ወረቀት። ወረቀቱ ከቋንቋው አይተናነስም፤ ለሚሄዱት ልጆች ሁሌ የምነግራቸውም ይህንኑ ነው፣ አስቀድማችሁ ጀምሩ እያልኩ። ዲግሪ በትምህርት ባለሥልጣን በኩል ይረጋገጣል። የተተረጎመው በሰነዶች ማረጋገጫ ይታተማል። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የቻይና ኤምባሲ። የፌዴራል ፖሊስ አሻራ ወስዶ ከወንጀል ነጻ መሆንህን ይጽፋል። ጤና ምርመራው ለብቻው ነው።

በዚህ መሃል ሦስት እንቅፋት መታው፤ ሦስቱም የማንም ጥፋት አይደሉም። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ የልደቱ ዓመት በአንዱ ወረቀት በእኛ፣ በሌላው በእነሱ ተጽፎ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሰለ። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ ስም ነው። ሲማር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ሰነዱን ሊያወጣ ሲሄድ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ። ሦስቱ አንድ ግቢ፣ አንድ በር፣ አንድ ዛፍ መሆናቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ አስጻፈ። ሦስተኛው ስሙ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብለን እናበቃለን። ቅጹ ግን የቤተሰብ ስም ይላል፤ በፓስፖርቱም እዚያ ቦታ የሰፈረው የአያቱ ስም ነው። ያ የፊደል ገበታ የያዙት፣ ከኮተቤ እምብዛም ርቀው ያልሄዱት ሽማግሌ ስማቸው ወደ ቻይና ሄደ።

የነጻ ትምህርቱ ዕድል ወጣለትና በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሸኘነው። እናቱ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ቋጠረችለት። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ወደ ቻይና ይበርራል፤ ንጉሡ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ማታ ከቦሌ ተነስቶ በነጋታው ከሰዓት ጓንዡ ወረደ።

ከተማዋን በስልክ አሳየን። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። የዕንቁ ወንዝ ብለው የሚጠሩት ወንዝ መሃሏን ይከፍላታል። አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚሰባሰቡበት ሺያውቤይ የሚባል ሰፈር አለ፤ እዚያ አማርኛ ሰምቶ ቆሞ መቅረቱን ነግሮኛል። በመጀመሪያው የካቲት ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረልን። ግድግዳው ያልበዋል። የውሸት አይደለም፤ ከባሕር የሚመጣው ሞቃት እርጥበት የብርዱ ወራት ያቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ እየረጋ ጠብ ጠብ ይላል። ልብስ አይደርቅም። ድርቆሹ ሻገተ። እናቱ ስለ ድርቆሹ አለቀሰች፤ ስለ ሌላው ሁሉ ማልቀስ ስላልፈለገች ይመስለኛል።

የጊዜ ልዩነቱ 5 ሰዓት ነው። እኛ ጋ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን እዚያ ቀትር ነው። እናቱ የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥታ ስታበቃ እሱ ለምሳ ይወጣል፤ የሚደውለው ያኔ ነው።

በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ዩኒቨርሲቲው ካልፈቀደለትና ፖሊስ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ካልመዘገበለት ትርፍ ሰዓት እንኳ መሥራት አይችልም። ብዙዎቹ ግን ቅዳሜና እሑድ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ያስተምሩ ነበር፣ በነጩ መምህር ግማሽ ክፍያ። አብሮት የሚያድር የሌላ አገር ልጅ እንዲሁ ሲሠራ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በጓሮ በር ያስወጡት ነበር። አንድ ቀን የጓሮው በር ተቆልፎ ተገኘ። ልጁ ተቀጣ፣ ትምህርቱንም ሳይጨርስ ተመለሰ። መምህሩ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነበር አለኝ፤ ሕፃናቱ ይወዱት ነበር አለኝ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2020 ቻይና በሯን ለውጭ ሰው ዘጋች። በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ አካባቢ ደግሞ ጓንዡ ውስጥ አፍሪካውያን ከኪራይ ቤትና ከሆቴል እየተባረሩ ጎዳና ላይ ሲያድሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። ቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። እናቱ ቪዲዮውን የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ አየችው። ሁለት ቀን ምጣድ አልነካችም። እሱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቆልፎበት በሰላም ነበረ፤ ግን ከመስኮቱ የሚያየው ከተማ ያ የሚያውቀው እንዳልሆነ ነገረኝ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። ቻይና ሂዱ ለምላቸው ልጆች ይህንንም እነግራቸዋለሁ።

ማስተርሱን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት ነው። በዚያው ሐምሌ ወር መንግሥቱ የተማሪን ሸክም ለማቅለል ብሎ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጠውን የማስጠኛ ንግድ በአዋጅ አጠበበው። እንግሊዝኛም ገባበት። የማስጠኛ ማዕከላቱ በየመንገዱ ተዘጉ። ያ በሌላ አገር ስም ሊያስገባው የነበረው ዓይነት ድርጅት ሠራተኛውን በትኖ ጠፋ።

መምህሩ ግን ሌላ በር ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በቻይና ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ የጨረሰ የውጭ ሰው፣ የሁለት ዓመቱን ልምድ ሳይጠየቅ እዚያው መቀጠር ይችላል። የቋንቋ መምህር ለመሆን ያው ፓስፖርቱ ያግደዋል። ሌላ ትምህርት በእንግሊዝኛ ለማስተማር ግን አያግደውም። ጂኦግራፊን ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? ያቺ የ1997ቱ ማይነር ከከተማው ዳር ባለ፣ ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት በሚከተል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስቀጠረችው። ወረቀቱ ላይ ጂኦግራፊ ይላል፣ የሚያስተምረውም ጂኦግራፊ ነው። ማንንም አልዋሸም።

የመጀመሪያው ትምህርቱ የአፈር መሸርሸር ነበር። የእንጦጦን ሸንተረር ፎቶ ለጠፈላቸው፤ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ተራራውን እንዴት እንዳለበሰው፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ኮተቤ እንዴት እንደሚወርድ ነገራቸው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ሰርድ» አለች፣ ሦስተኛ ለማለት። ክፍሉ ሳቀባት። እሱ ትምህርቱን አቆመ። ከኪሱ ያቺን ክብ መስታወት አወጣ። «ምላስሽ የት አለች?»

ቻይና በሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2023 ነው። መምህሩ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጣ። አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ዝናብ እየዘነበ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ እናቱ ባዶ እግሯን እስከ አስፋልቱ ወጣች።

ማታ ቡና ተፈላ። እኔም ነበርኩ። ብዙ ከተጨዋወትን በኋላ እናቱ ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ፣ «ለመሆኑ እነዚያ ልጆች ምን ብለው ነው የሚጠሩህ? ስምህን ይችሉታል?» አለችው።

«በእኔ ስም አይጠሩኝም፣ እማዬ። እነሱ የቤተሰብ ስም ነው የሚያስቀድሙት። በአያቴ ስም ነው የሚጠሩኝ።»

«በአያትህ?»

«አዎ። ከስሙ ቀጥለው ላውሺ ይላሉ።»

«ላውሺ ደግሞ ምንድን ነው?»

መምህር ነው ሊላት አፉን ከፈተና ተወው። ትንሽ አሰበ። አገላብጦ ሲያጣጥመው አየሁት፣ ያን የሰባተኛ ክፍል ልጅ።

«የኔታ እንደማለት ነው» አላት።

እናቱ ቃሉን ከፊት፣ የአማቷን ስም ከኋላ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ጮክ ብላ ጠራችው። ልክ ከደብሩ አጥር ሥር እንጠራቸው እንደነበረው ነው። ከዚያ ተነሳችና ጀበናውን መልሳ ጣደችው።